የባይራ ዜና በማን ወጪ ይነገር?
በአባያ ዙሪያ የዘረ-መል ምርምርና ለሕዝብ የማሳወቅ በጀት ታሪክ

ከአባያ ሐይቅ በስተ ምዕራብ፣ ከአርባ ምንጭ ቆላ ተነሥቶ ወደ ጨንቻና ወደ ቦረዳ የሚወጣው ደጋ እንሰትና ገብስ የሚመረትበት፣ በሸማ ሥራውም አገር ያወቀው የጋሞ ምድር ነው። በዚሁ ደጋ ሞታ የሚባል ዋሻ ይገኛል፤ ከጎጃሙ ሞጣ ጋር በስም ከመቀራረብ በቀር ዝምድና የለውም። በ2012 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አርኪዮሎጂስቶቹ ካትሪን አርተርና ጆን አርተር ከባልደረቦቻቸው ጋር ዋሻውን ሲቆፍሩ፣ በድንጋይ ክምር ሥር የተቀበረ የአንድ ጎልማሳ ወንድ አፅም አገኙ። አፅሙ 4,500 ዓመት ያህል እንደሆነው በካርበን ልኬት ተረጋገጠ። ተመራማሪዎቹ በጋሞ አገር ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሠሩ፣ የሸክላ ሠሪውንና የቆዳ ፋቂውን ሙያ ያጠኑ ናቸው። ወደ ዋሻውም መንገድ ያሳዩአቸው የአካባቢው ሽማግሌዎች ነበሩ። ለአፅሙ «ባይራ» የሚል ስም ወጣለት፤ በጋሞኛ በኩር፣ የመጀመሪያ ልጅ ማለት ነው።

የዋሻው ቅዝቃዜ ባይራን ከብዙዎቹ የአፍሪካ ጥንታዊ አፅሞች የተለየ ዕድል ሰጠው። በሞቃት አገር ዲ.ኤን.ኤ. ቶሎ ይበጣጠሳል፤ በእርሱ ግን ከውስጠኛው ጆሮ ዙሪያ ካለው ጠንካራ አጥንት በቂ ዲ.ኤን.ኤ. ሊወጣ ቻለ። ጥቅምት 8 ቀን 2015 ሳይንስ የተባለው መጽሔት የባይራን ሙሉ ዘረ-መል ይፋ አደረገ። ከአፍሪካ ምድር ከተገኘ ጥንታዊ አፅም ሙሉ ዘረ-መል ሲነበብ የመጀመሪያው ነበር። ዓይኑ ቡናማ እንደነበረ፣ ጎልማሳ ከሆነ በኋላ ወተት የማስፈጨት ችሎታ እንዳልነበረው፣ የደጋ አየርን ለመቋቋም የሚረዱ ልዩነቶችን እንደያዘ ተነገረ። ዛሬ በሕይወት ካሉት ሕዝቦች መካከልም ይበልጥ የሚቀርበው በደቡብ ኦሞ የሚኖረው የአሪ ሕዝብ ሆኖ ተገኘ።

ዜናው በዓለም ዙሪያ የተሠራጨው ግን በባይራ የዓይን ቀለም ምክንያት አልነበረም። ጽሑፉ ባይራን ከዘመኑ አፍሪካውያን ጋር በማነጻጸር፣ ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት ከእስያና ከአውሮፓ አቅጣጫ ወደ አፍሪካ የተመለሰ የሕዝብ ፍልሰት ውርሱን እስከ ምዕራብና እስከ መካከለኛው አፍሪካ ድረስ በመላው አህጉር አሳርፏል የሚል መደምደሚያ ይዞ ነበር። በ2016 መጀመሪያ ላይ ግን የጥናቱ ባለቤቶች ራሳቸው ስህተት መፈጸሙን አስታወቁ። ሁለት የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች እንዲግባቡ የሚያደርግ አንድ የመለወጫ ደረጃ ሳይከናወን በመቅረቱ ብዙ መረጃ ከስሌቱ ወጥቶ ነበር። ስህተቱን ያስተዋሉት በሌላ ተቋም ሆነው ያንኑ መረጃ እንደገና የመረመሩት ፖንቱስ ስኮግሉንድና ዴቪድ ራይክ ነበሩ። በምሥራቅ አፍሪካ የታየው የውጭ ውርስ ጸንቶ ሲቆይ፣ በመላው አህጉር ተዳርሷል የሚለው ግን ተሻረ። የጽሑፉም ርዕስ «በመላው የአፍሪካ አህጉር» ከማለት «በምሥራቅ አፍሪካ» ወደማለት ተለወጠ።

ስህተቱን ሳይደብቁ ማረማቸው ለተመራማሪዎቹ የሚያስመሰግን ነው። የታሪክ ጸሐፊን የሚያሳስበው ከዚህ የተለየ ነጥብ ነው። የመጀመሪያው ዜና በጋዜጣና በሬዲዮ ይሮጣል፤ እርማቱ በእግሩ ያዘግማል። በእንግሊዝኛ የወጣ የመጽሔት እርማት ከቦረዳ ሽማግሌ ጆሮ እንዲደርስ መኪና፣ ነዳጅ፣ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ አስተርጓሚ፣ የውሎ አበልና ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ያስፈልጋል። በተለመደው የምርምር በጀት ቅጽ ላይ የላቦራቶሪ ዕቃ፣ ደመወዝ፣ ጉዞ፣ የኅትመት ክፍያ የሚሉ አርእስት ይገኛሉ፤ «ብንሳሳት ተመልሰን የምንናገርበት» የሚል ርዕስ የለም። እርማቱ በሚወጣበት ጊዜም የድጎማው ዘመን ብዙውን ጊዜ ያበቃል። ይህ ጉድለት ከየት እንደመጣ ለመረዳት፣ ሞለኪውላዊ ሳይንስን ለሕዝብ የማሳወቅ ገንዘብ በመጀመሪያ እንዴት እንደተመደበ ማየት ይገባል።

በ1985 የብሪታንያ ሮያል ሶሳይቲ፣ ሳይንስ በሕዝብ ዘንድ ስላለው ግንዛቤ አንድ ሪፖርት አወጣ። የሪፖርቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ የዘረ-መል ሊቅ የነበሩት ዋልተር ቦድመር ናቸው። ሪፖርቱ ሳይንቲስት ሥራውን ለሕዝብ ማስረዳት እንደ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ሳይሆን እንደ ግዴታው ሊቆጠር ይገባል አለ። መንፈሱ ግን የመምህርና የተማሪ ነበር፤ ሕዝቡ ስለማያውቅ ይነገረው፣ ከተነገረው ይቀበላል የሚል። ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ2000፣ የእንግሊዝ የላይኛው ምክር ቤት ኮሚቴ ሳይንስና ኅብረተሰብን በሚመለከት ባወጣው ሪፖርት ይህን አካሄድ ተችቶ፣ ከመንገር ይልቅ መነጋገር እንዲቀድም አሳሰበ። በመካከሉ የእብድ ላም በሽታ ቀውስ ስለደረሰ፣ ሕዝቡ ሳይንቲስት ስለተናገረ ብቻ እንደማያምን ግልጽ ሆኖ ነበር።

በአሜሪካ የተኬደው መንገድ ከገንዘብ ጋር ይበልጥ የተያያዘ ነበር። በ1988 ጄምስ ዋትሰን በብሔራዊ የጤና ተቋማት የሰው ዘረ-መል ምርምርን እንዲመሩ በተሾሙ ጊዜ፣ ከበጀቱ የተወሰነው ክፍል ለሥነ-ምግባራዊ፣ ለሕጋዊና ለማኅበራዊ ጉዳዮች እንደሚውል አስታወቁ። በ1990 ፕሮጀክቱ ሥራ ሲጀምር ድርሻው 3 በመቶ ሆነ፤ ኋላም ወደ 5 በመቶ ከፍ አለ። መቶኛው አነስተኛ ቢመስልም፣ ከቢሊዮን ዶላር በላይ በሚወጣበት ሥራ ላይ ሲሰላ ከዚያ በፊት ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ያልታየ ገንዘብ ነበር። በ1997 ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን እያንዳንዱ የድጎማ ማመልከቻ በሁለት መለኪያ እንዲመዘን ወሰነ፤ አንደኛው የሳይንሳዊ ብቃት፣ ሁለተኛው ለኅብረተሰብ የሚያስገኘው ሰፊ ጥቅም። የቦረዳው የአርኪዮሎጂ ሥራ ድጎማ ካገኘባቸው ምንጮች አንዱም ይኸው ፋውንዴሽን ነበር።

ይህ አሠራር ለሕዝብ የሚነገረውን ነገር ከምርምሩ ጋር በአንድ ገመድ አሰረው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ቀድሞ ምንም ባልነበረበት ጥቂት ነገር ተገኘ። ጉዳቱ ለመታየት ጊዜ ወሰደ። ገንዘቡ ከምርምሩ ጋር ይመጣል፣ ከምርምሩም ጋር ይሄዳል። ምን እንደሚነገር የሚወስነው ለድጎማው የሚያመለክተው ሰው ነው፤ ሰሚው መጠየቅ የሚፈልገው ጥያቄ በማመልከቻው ላይ ቦታ አይኖረውም። ሥራው ደረሰ የሚባለውም ለለጋሹ ሪፖርት በተላከበት ቀን ነው።

ከአባያ በስተ ሰሜን ምዕራብ ባለው የወላይታ ደጋ የተፈጸመው ታሪክ ግን ሌላ መንገድ እንደነበረ ያሳያል። ጉዳዩ በሕዝብ ዘንድ ዝሆኔ ከሚባሉት የእግር እብጠቶች አንዱ የሆነው፣ በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው በሽታ ነው። በ1970ዎቹ እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ባካሄዱት ጥናት፣ በሽታው ከትል ሳይሆን ከእሳተ ገሞራ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ እንደሚመጣ አሳዩ። ደቃቅ የአፈር ቅንጣት በእግር ቆዳ በኩል ገብቶ የሊምፍ ቧንቧዎችን ያውካል። ፕራይስ ግን አንድ ነገር አስተዋሉ፤ በአንድ ቀበሌ፣ በአንድ አፈር ላይ ሁሉም ባዶ እግሩን እየሄደ የሚታመሙት ጥቂቶች ናቸው፣ እነርሱም በየቤተሰቡ ይሰባሰባሉ። በ1972 በኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የውርስ ምክንያት ሊኖር እንደሚችል ጻፉ። ጥቆማቸው ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ በ2007 በቁጥር ተደገፈ። ጌይል ዴቪና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ኢትዮጵያ ቤተሰቦች ላይ ባደረጉት ጥናት የታማሚ ወንድም ወይም እኅት የመታመም ዕድል ከሌላው ሰው 5 እጥፍ ያህል እንደሚበልጥ፣ በበሽታው ተጋላጭነት ውስጥ የውርስ ድርሻ 63 በመቶ እንደሚገመት ገለጡ።

ቀጣዩ እርምጃ ተጠያቂውን ዘረ-መል መፈለግ ነበር። ለዚህም ከብዙ መቶ ሰዎች ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል። እንቅፋቱ የተገኘው እዚህ ላይ ነው። ፖዶኮኒዮሲስ ያለበት ሰው በአካባቢው ከጋብቻ፣ ከማኅበር፣ አንዳንዴም ከትምህርት ቤት ይገለላል። ሕዝቡ በሽታው በዘር ይወርዳል ብሎ አስቀድሞ ያምናል፤ የመገለሉም አንዱ ምክንያት ይኸው እምነት ነው። ጤነኛ የሆኑት የታማሚው እኅትና ወንድም ሳይቀሩ ለትዳር አይፈለጉም። ስለዚህ «የበሽታውን የዘር ምክንያት ልናጠና መጣን» ብሎ የሚገባ ተመራማሪ፣ በቅን ልቦናም ቢሆን፣ ለአግላዩ የሳይንስ ምስክር ሆኖ ሊቆጠር ይችላል።

በአማርኛችንም ችግሩ አለ። «ዘር» የሚለው ቃል የእህል ዘር ነው፣ ትውልድ ነው፣ ጎሣም ነው፤ «ዘረ-መል» የሚለው የትምህርት ቤት ቃል ከዚያው ሥር ወጥቶ የሥሩን ሸክም ሁሉ ይሸከማል። በእንግሊዝኛ ገለልተኛ የሚመስለው ሐሳብ በአማርኛ በተነገረ ቁጥር የሰውን አያትና ቅድመ አያት ይዞ ይነሣል። ይህን የሚያውቅ አስተርጓሚ የሚከፈለው ዋጋ ከላቦራቶሪ ኬሚካል ዋጋ ያነሰ ነው፤ ያደረገው አስተዋጽኦ ግን አንሶ አልተገኘም።

የዘረ-መል ጥናቱን የመሩት ኢትዮጵያዊው ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቻቸው ናሙና ከመውሰዳቸው በፊት በወላይታ አጭር የሥነ-ምግባር ዳሰሳ አካሄዱ፤ ውጤቱም በ2009 ታተመ። ታማሚዎችን፣ ጤነኛ ዘመዶችን፣ የጤና ባለሙያዎችንና የአገር ሽማግሌዎችን በቃለ መጠይቅና በቡድን ውይይት ጠየቁ። ጥያቄዎቹ ቀላል ነበሩ፦ ስለምርምር ምን ታውቃላችሁ? ማን ቢነግራችሁ ታምናላችሁ? ደም ስጡ ብትባሉ ምን ትፈራላችሁ? መልሱ ጥናቱን ለወጠው። ሰዎቹ የሚያምኑት ከሩቅ የመጣውን ነጭ ጋውን ለባሽ ሳይሆን፣ በሶዶ ሆኖ ታማሚዎችን እግር ማጠብና ጫማ ማድረግ ሲያስተምር የቆየውን የሞሲ ፉት ማኅበር ሠራተኛ ነበር። ከነዚህም ሠራተኞች ብዙዎቹ ራሳቸው ታመው የታከሙ ናቸው። የውርሱ ነገር ለብቻው ከተነገረ መገለልን ያብሳል የሚል ስጋት ስለተሰማም፣ አፈርና ጫማ አብረው እንዲነሡ፣ በሽታው መከላከል የሚቻል መሆኑ እንዲጎላ ምክር ተሰጠ።

ናሙናው ከተሰበሰበ በኋላ ጥናቱ ፍሬ አፈራ። በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን በታተመው ጽሑፍ፣ የወላይታ 194 ታማሚዎችና 203 ጤነኞች ተነጻጽረው፣ የሰውነትን የመከላከል ኃይል በሚያስተዳድረው ኤች.ኤል.ኤ. በተባለው የዘረ-መል ክፍል ያሉ ልዩነቶች ከተጋላጭነት ጋር እንደሚያያዙ ታወቀ። በሌላ አነጋገር፣ የአንዳንዱ ሰው አካል ለአፈሩ ቅንጣት ከሌላው የበለጠ ይቆጣል። የጥናቱን ወጪ ከሸፈኑት መካከል የብሪታንያው ዌልካም ትረስትና የአሜሪካ ብሔራዊ የሰው ዘረ-መል ምርምር ተቋም ይገኛሉ። ለሐኪም የዚህ ግኝት ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ፖዶኮኒዮሲስ ከእርግማንም ከተላላፊነትም የወጣ፣ ውርስና አካባቢ የሚገናኙበት በሽታ ነው፤ አካባቢውን በጫማ ማቋረጥ ይቻላል።

ያ ትርጉም ለገበሬው ቤት እንዲደርስ የተሞከረው ከዚያ በኋላ ነው፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ ቦታ የሚገባውም ይኸው ሙከራ ነው። ኮሊን ማክብራይድ፣ ደስታ አዮዴ፣ አበባዬሁ ቶራና ባልደረቦቻቸው በወላይታ ገጠር ስለ ውርስና ስለ አካባቢ ተጽዕኖ የሚያስተምር ዝግጅት አሰናድተው፣ በሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች አማካይነት ለቤተሰቦች አቀረቡ። ዓላማው የልጆችን ጫማ አደራረግ ማሻሻልና መገለልን መቀነስ ነበር። ዘረ-መል የሚለውን ሐሳብ ትምህርት ቤት ላልገባ ወላጅ ማስረዳት አይቻልም የሚለው አስተያየት በብዙ ባለሙያዎች ዘንድ የቆየ ነው። በ2016 የታተመው ዘገባቸው ግን ሰዎቹ ትምህርቱን እንዴት እንደተረጎሙት፣ ከራሳቸው እምነት ጋር እንዴት እንዳገናኙት በጥንቃቄ ይመረምራል። ከብት የሚያረባ፣ የእንሰት ዝርያ የሚለይ ገበሬ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ጠባይ እንዳለ ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ አላስፈለገውም። ሊጨመርለት የሚገባው ቁም ነገር አንድ ነበር፤ የሚወረሰው በሽታው ሳይሆን የእግሩ ለአፈር መቆጣት ነው፣ ጫማ ያደረገ ልጅ ተጋላጭነቱን ይዞም ሳይታመም ሊያድግ ይችላል።

ለሕዝብ የማሳወቅ ሥራ መርሐ ግብር ብዙውን ጊዜ ግኝቱ ከታተመ በኋላ የሚካሄድ በዓል ይመስላል። በወላይታ ገንዘቡ በዋነኝነት የዋለው ከናሙናው በፊት ነበር፤ ያውም በጥቂት ሳምንታት ሥራ ላይ። ኋላ ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አዳሙ አዲሴና ባልደረቦቻቸው ይህ አጭር ዳሰሳ በኢትዮጵያ ምርምሮች ዘንድ እንዲለመድ ደጋግመው ጽፈዋል። የበሽታውም ስፋት ይህን ድካም የሚያንስበት አይደለም። ከበደ ደሪቤ የመሩት ብሔራዊ ቅኝት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ሰዎች 4 በመቶው በበሽታው እንደተያዙ፣ የታማሚው ብዛት ወደ 1.5 ሚሊዮን እንደሚደርስ አሳይቷል።

ወደ ጋሞና ወደ ባይራ ስንመለስ፣ ሳይነገር ከቀረ ከእርማቱ የበለጠ የሚያስቆጭ አንድ ውጤት እናገኛለን። በጋሞ ደጋ ኅብረተሰቡ በልማድ ማላ፣ ማና እና ደጋላ በሚባሉ ክፍሎች ተለይቶ ኖሯል። ማላ መሬት ያለው ገበሬ ነው፤ ማና ሸክላ ሠሪው፣ ደጋላ ቆዳ ፋቂውና ቀጥቃጩ ናቸው። እነዚህ ባለ እጆች ከማላው ጋር አይጋቡም ነበር፤ ከመሬትም ከአደባባይም ይገለሉ ነበር። ተመሳሳይ ልዩነት በብዙ የደቡብ ሕዝቦች ዘንድ፣ በአሪም ጭምር ይገኛል። ባለ እጆች ከየት መጡ? ለሚለው ጥያቄ ምሁራን ሁለት መልስ ሲሰጡ ቆይተዋል። አንደኛው ገበሬው ከመምጣቱ በፊት በአገሩ የነበሩ የሌላ ሕዝብ ቅሬታ ናቸው ይላል፤ ሁለተኛው ደግሞ አንድ ሕዝብ ሆነው ሳለ በሙያቸው ምክንያት የተገለሉ ናቸው ይላል።

የዘረ-መል ምርምር በዚህ ክርክር ውስጥ ገብቶ መጀመሪያ ለፊተኛው ወገን ያደላ መሰለ። በ2012 በታተመ ሰፊ የኢትዮጵያውያን ጥናት የአሪ ቀጥቃጮች ከአሪ ገበሬዎች ተለይተው ስለተመረመሩ፣ ኮምፒዩተሩ ቀጥቃጮቹን ለብቻቸው እንደ ቆመ ቡድን አወጣቸው። ይህን ሥዕል ብቻ ያየ ሰው የሌላ ዘር ናቸው ቢል አይፈረድበትም። በ2015 ግን ሉሲ ቫን ዶርፕና ባልደረቦቻቸው ልዩነቱ የመጣው ቀጥቃጮቹ ለብዙ ትውልድ በቁጥር አንሰው እርስ በርስ ብቻ በመጋባታቸው መሆኑን አሳዩ። ሁለቱ ወገኖች ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ የጋራ አባት አላቸው። ኮምፒዩተሩ እንደ ባዕድ የለየው መገለሉ ራሱ በደማቸው ላይ የተወውን ምልክት ነበር ማለት ነው። የባይራ ዘረ-መል በታተመበት በዚያው ዓመት የወጣ ውጤት ነው፤ የባይራም የቅርብ ዘመድ የተባሉት እነዚሁ አሪዎች ናቸው።

ሆኖም ይህን ውጤት በአደባባይ መናገር ጥንቃቄ ይጠይቃል። ባለ እጆች ከገበሬው ጋር አንድ ደም ስለሆኑ ይከበሩ ማለት፣ አንድ ደም ባይሆኑ ኖሮ መናቃቸው ይገባ ነበር ወደሚል ትርጉም ሊያመራ ይችላል። የሰው ክብር በዘረ-መል ሠንጠረዥ ላይ የሚመሠረት አይደለም። ከዚህም ሌላ የተገለለ ቤተሰብ ለብዙ ትውልድ በውስጡ ብቻ መጋባቱ ለአንዳንድ የውርስ በሽታዎች የሚያጋልጥ መሆኑ ለሐኪም ጠቃሚ ዕውቀት ቢሆንም፣ በቸልታ ከተነገረ ሌላ ስድብ ይሆናል። በወላይታ የተደረገው ዓይነት ቅድመ ዳሰሳ እዚህ ከምንም በላይ ያስፈልጋል። በጋሞ ዱቡሻ የሚባል የሽማግሌዎች መሰብሰቢያ አደባባይ አለ፤ ነገር የሚታረመውና እርቅ የሚፈጸመው እዚያ ነው። ባለ እጁ በዱቡሻው የት ይቀመጣል፣ የመናገርስ ተራ ያገኛል ወይ የሚለውን ሳያጣሩ ውጤቱን በዚያ ማንበብ፣ መልእክቱን ለሚመለከተው ሰው ሳያደርሱ መመለስ ሊሆን ይችላል።

የቋንቋው ጉዳይም በዚህ አካባቢ ደም ያስከፈለ ታሪክ አለው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፍኛንና ዳውሮኛን አዋሕዶ «ወጋጎዳ» በተባለ አንድ የጽሕፈት ቋንቋ የመማሪያ መጻሕፍት ታትመው ነበር። በ1999 በሶዶ ከፍተኛ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጻሕፍቱም ተሰበሰቡ። ቋንቋዎቹ በእርግጥ የሚቀራረቡ ናቸው፤ ወጪ ለመቆጠብ አንድ መጽሐፍ ለአራቱ ማሳተም በወረቀት ላይ ምክንያታዊ ይመስላል። ሕዝቡ ግን በስሙና በአፉ ተጠርቶ ሊነገረው ይፈልጋል። ዛሬም ለጋሽ ድርጅት ለአባያ ዙሪያ አንድ በራሪ ጽሑፍ ብቻ ላሳትም ሲል፣ ሳያውቅ ያንኑ ስሌት ይደግማል።

ከ2010 ወዲህ የታየው ትልቁ ለውጥ የሰው ውርስና ጤና በአፍሪካ የተባለው መርሐ ግብር ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማትና በዌልካም ትረስት ገንዘብ ተቋቁሞ ከ2012 እስከ 2022 ሲሠራ፣ ኅብረተሰብን ማሳተፍ የሚመራበት መመሪያ አወጣ፤ ምርምሩም በአፍሪካውያን ሳይንቲስቶች እንዲመራ አደረገ። አሥር ዓመት ለአንድ ድጎማ ረጅም ነው፤ ለአንድ ቀበሌ ግን ሕፃን አድጎ አምስተኛ ክፍል የማይዘልበት ጊዜ ነው። በ2025 ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በአሜሪካ ተቋማት በኩል ለውጭ አገር ተባባሪዎች ይሰጥ የነበረውን ንዑስ ድጎማ በአዲስ አሠራር እስኪተካ ድረስ እንደማይሰጡ አስታወቁ። ለዓመታት ከዋናው ድጎማ ጫፍ እየተቆረሰ ሲመጣ የኖረው የማሳወቂያ ገንዘብ፣ ጫፉ ሲቆረጥ ቀድሞ የሚደርቅ ነው።

በአገር ውስጥ ሊታሰብ የሚችለው መሠረት አስቀድሞ ያለ ነው። ከ2003 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተመድበዋል፤ ቋንቋውን ያውቃሉ፣ ደመወዛቸውንም መንግሥት ይከፍላል። በ1986 የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ተከፍቶ በ2004 ዩኒቨርሲቲ የሆነው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ይሰጣል፤ ተማሪዎቹም ወደ ጨንቻና ወደ ቦረዳ ጤና ጣቢያዎች ለተግባር ልምምድ መውጣታቸው አይቀርም። አካባቢው በ2019 ጋሞ ዞን ተብሎ ራሱን ችሏል፤ በ2023 የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት አርባ ምንጭና ሶዶ በአንድ ክልል ውስጥ ሆነዋል። ከወላይታ የተገኘውን ልምድ ወደ ጋሞ ደጋ ለማሻገር የሚያስፈልገው መንገድ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

የባይራ ዘረ-መል ከታተመ ወዲህ በብዙ የአፍሪካ ሕዝቦች ታሪክ ጥናት ውስጥ እንደ ማነጻጸሪያ አገልግሏል፤ በ2017 የወጣው የጥንት አፍሪካውያን ሰፊ ጥናትም ተጠቅሞበታል። በእያንዳንዱ ጥናት ላይ ስሙ «ሞታ» ተብሎ በዋሻው ይጠራል። ባይራ የሚለውን ስም የሚያውቀው በኩር ልጁን በዚሁ ቃል የሚጠራው የቦረዳ ሰው ነው። የእርማቱን ዜና፣ የአሪውን ዘመድነትና የባለ እጁን ታሪክ ይዞ ወደ ደጋው የሚወጣው መልእክተኛ ንግግሩን ከዚያ ስም ሊጀምር ይችላል።